የራጅ ክፍሉ በር

ቤቴል ሰፈር በሚገኝ አንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ሳለሁ ወንበሬ ከራጅ ክፍሉ በር ፊት ለፊት ነበር። በሩ ጨረሩን እንዲያግድ ውስጡ እርሳስ የተለበጠ ስለነበር ለመክፈት ትከሻ ይፈልጋል። አንድ ቀን ክብደቱ ማጠፊያውን ገነጠለውና ሐኪሙ እስኪጠገን ብሎ ተራ የእንጨት በር አስገጠመ። ቀላል ስለሆነ ሁሉም ወደደው። እኔ ግን የአንድ ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ።

ከዚያ በፊት ሁለቴ አስወርዶኛል። እናቴ ቸኩለሽ ስላወራሽ ነው ባይ ናት፤ በዚህኛው ሦስት ወር ሳይሞላ ትንፍሽ እንዳልል አስምላኛለች። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሐኪሙን ስለ በሩ ብቻ ጠየቅኩት። የጥርስ ራጅ ጨረሩ ትንሽ ነው፣ በሩም እየተሠራ ነው አለኝ። ትንሽ ማለት ምን ያህል እንደሆነ ልጠይቀው ፈልጌ፣ ለምን ቢለኝስ ብዬ ተውኩት።

ስለዚህ መነሳት ጀመርኩ። ራጅ አንሺው ታካሚ ይዞ ሲገባ ባየሁ ቁጥር ስልክ መጣልኝ ብዬ ወደ በረንዳ እሮጣለሁ። ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ። ሰው በበዛበት ቀን ወንበሩ ሳይሞቅልኝ ይመሻል። በራሴ እናደዳለሁ፣ ግን አልተውም። ቦታዬ ባዶ እንዳይሆን ደግሞ ፅዳት ሠራተኛዋን አደራ እላታለሁ። እሷም እግሯን ለማሳረፍ ደስ እያላት ትቀመጥልኛለች። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት፣ መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ ለሰው እንዳልናገር ለምናኝ፣ ሁለት ወር እንዳለፋት ነገረችኝ። የመጀመሪያዋ ነው። ስንቴ እዚያ እንዳስቀመጥኳት ለማስታወስ ሞከርኩ። ሐኪሙ ጥርስ እየነቀለ ሳለ ሳላንኳኳ ገባሁ።

«ዶክተር፣ እኔም ፅዳት ሠራተኛዋም ነፍሰ ጡር ነን። ያ በር እስኪመለስ ራጅ እንዳይነሳ» አልኩት።

ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ሰሙ። ሐኪሙ ደንግጦ ራጁን አስቆመ፤ በሩም በሳምንቱ ተገጠመ።

ምስጢሯን ስላወጣሁባት ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። እሷ ግን በዚያ አልተቆጣችም።

«ራጅ ሊነሳ ሲል ትወጪ የነበረው ለዚህ ነው?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

«እኔን ግን ወንበርሽ ላይ ታስቀምጪኝ ነበር።»

ማርገዟን እንደማላውቅ ነገርኳት። እውነቴን ነው፣ አላውቅም ነበር።

«ባላረግዝስ ኖሮ?» አለችኝ።

ሁለታችንም በሰላም ተገላገልን። ጥያቄዋን ግን እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ።