የቃልኪዳን አጎት

ዘንድሮ መስቀል እንዳለፈ የልጄ መምህርት ደወለችልኝ። አሁን የምንኖረው ሱሉልታ ነው፤ ልጄ ሰፈራችን ካለው ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ገብታለች። መምህርቷ ገና ራሷን ሳታስተዋውቅ፣ «አይደንግጡ፣ ልጅዎ ምንም አላጠፋችም፤ ከወላጆች ጋር ዓመቱ ሳይገፋ እንተዋወቅ ብለን ነው» አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። የሱሉልታ ብርድ እንደምታውቁት ነው፤ ፀሐይ ወጥታም እጅን ከኪስ አያስወጣም። መምህርቷ በሩ ላይ ቆማ እያንዳንዱን ሰው ሰላም እያለች ታስገባለች። ተራዬ ሲደርስ ፈገግ ብላ፣ «ለልጅቷ ምኗ ነዎት?» ስትል ጠየቀችኝ።

«አባቷ» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ሆኖም ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። እውነት ተናግሮ የሚያፍር አባት አጋጥሟት አያውቅም መሰለኝ፣ ትንሽ አተኩራ አየችኝ። ምን ታድርግ? ይህንኑ ጥያቄ ከዚህ በፊት አንድ መምህር ጠይቆኝ ምን ብዬ እንደመለስኩ አታውቅም።

ያኔ ሃያዎቹን የጀመርኩ ጎረምሳ ነበርኩ። አዲስ አበባ የቤት ኪራይ አልቀመስ ሲለኝ ዓለም ገና ወርጄ ኦቦ ደበላ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ጅማ መንገድ ዳር፣ ሁለት ሰው ከገባባት የምትጨናነቅ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። በመስከረም ከፊት ለፊቴ የበቆሎ ጥብስ ይጨሳል፣ ረዳቶች «ሰበታ! ሰበታ!» ይላሉ፣ ባጃጁ ጭቃውን እየረጨ ያልፋል። ራሴን እንደ ነቃ ሰው ነበር የማየው፤ ከሸገር የወረደ ሁሉ ያለበት በሽታ ነው።

ግድግዳ ብቻ የሚለየን ጎረቤቴ እትዬ አስቴር ትባላለች። ከወላይታ በኩል የፋብሪካ ሥራ ተከትላ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ዘጠነኛ ክፍል የምትማር ቃልኪዳን የምትባል አንዲት ልጅ ያለቻት ሴት ናት። ግድግዳው የጭቃ ስለሆነ ሲጸልዩም ሲሳሳቁም እሰማለሁ። ጎደሬ ስትቀቅል ከዳጣ ጋር በሳህን ትልክልኛለች፤ ዳጣው ያስለቅሳል፣ እኔ ግን ሳህኑን ጠርጌ ነው የምመልሰው። ወንደላጤነቴን አይታ ታዝንልኝ ነበር።

በዚያው መስከረም አንድ ቀን ቃልኪዳን ሱቄ መጣች። «ወላጅ አምጡ ተብለናል» አለችኝ።

«ምን አጥፍተሽ?»

«ምንም! ሁላችንንም ነው፤ አዲሱ የክፍል ኃላፊያችን ነው የጠራን።»

«አቦ አትሸውጂኝ! ሳያጠፉ ወላጅ አምጡ አለ እንዴ?»

እውነትም በኛ ጊዜ አልነበረም። ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራው ልጁ ሲደባደብ፣ መስኮት ሲሰብር፣ ወይ ከክፍል ሲፎርፍ ነው። ስለዚህም አጎት መዋስ የታወቀ ነገር ነበር። ተማሪው አንዱን ሊስትሮ ወይ የባጃጅ ሹፌር ይለምንና አጎቴ ነው ብሎ ይወስደዋል፤ አጎትየው መምህሩ ፊት የልጁን ጆሮ ጠምዘዝ አድርጎ ይቆጣል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ቃልኪዳንም የፈለገችው ይህንኑ ነው። «እማ ወላጅ ጥሪ ከሰማች ገና ሳትጠይቅ ነው የምታለቅሰው። ከሺፍቷም ትቀራለች። አንተ ደግሞ ወሬ ትችላለህ» አለችኝ።

«ወሬ ትችላለህ» ስትለኝ አለቀልኝ። እሺ አልኩ። ግድግዳውን አንኳኩቼ፣ «እትዬ፣ ትምህርት ቤት ይፈልጉሻል» ማለት ምን ይከብድ ነበር? አላልኩም። እንዲያውም እናትን ከጭንቀት፣ ልጅን ከቁጣ ያዳንኩ ጀግና መሰለኝ።

ከጓደኛዬ ኮት ተውሼ ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ ጋቢ የለበሱ የፉሪ ገበሬዎች፣ የፋብሪካ መታወቂያ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴቶች፣ እንደኔ ካዲስ አበባ የወረዱ ተከራዮች በዴስኩ ተጣበው ተቀምጠዋል። ሁሉም አንገቱን ደፍቷል፤ እያንዳንዱ ያጠፋው የሱ ልጅ ብቻ መስሎታል። መምህር ገመቹ የሚባለው ወጣቱ የክፍል ኃላፊ አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ፣ «ማንም ልጅ አላጠፋም። የጠራኋችሁ ጥፋት ሳይመጣ እንድንተዋወቅ ነው» ሲል ክፍሉ በሙሉ ተነፈሰ። ሳቅም ተሰማ።

ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገባ። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የሚያሰፋው የማስተር ፕላን ነገር ከዚያ በፊትም አካባቢውን አምሶት ስለነበር የማንም ልብ አላረፈም። «መንገድ የሚዘጋ ቀን ቢመጣ ልጆቹን ግቢ ውስጥ አቆይቼ ለእያንዳንዳችሁ እደውላለሁ። ድምፁን ለማላውቀው ሰው ግን ልጅ አልሰጥም። ስለዚህ ዛሬ ድምፃችሁን ልስማ» አለና በየተራ፣ ለልጁ ምኑ ነህ፣ ምኑ ነሽ እያለ፣ ስልካችንንም እየመዘገበ አናገረን። እኔም ተነስቼ «አጎቷ ነኝ» አልኩ። «እናቷስ?» ሲለኝ ያልተዘጋጀሁበት ጥያቄ ነበርና «ዓረብ አገር ናት» አልኩት። ይባስ ብዬ ስለ ወላጅና መምህር መተባበር ንግግር አደረግኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ሽማግሌ እጄን ይዘው፣ «ገለቶሚ የኔ ልጅ፤ እንዳንተ ያለ አጎት ይብዛ» ሲሉኝ እንኳ አላፈርኩም።

ስወጣ መምህሩ ወደ ጎን ጠራኝ። «ልጅቷ ሒሳብ ላይ ተሰጥዖ አላት። እስከ ዛሬ ካስተማርኳቸው ውስጥ እንደሷ ያለ አላየሁም። እናቷ ስትደውል ይንገሩልኝ፣ ደስ ይበላት» አለኝ። እሺ አልኩት። ግን እንዴት ብዬ ልንገራት? «አንተ ከየት ሰማህ?» ብትለኝስ? ሳልነግራት ቀረሁ።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል የተፈራው ቀን መጣ። እኔ ዕቃ ልገዛ መርካቶ ሄጄ ነበር። ረፋዱ ላይ መምህር ገመቹ ደወለ፤ ከኋላው የልጆች ጫጫታ ይሰማል። «መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ሰፈራችሁ ከመንገዱ ማዶ ስለሆነ ልጅቷን ብቻዋን አላሻግርም። መድረስ ካልቻሉ ቤቴ ወስጃት ከባለቤቴ ጋር ታድራለች፤ አይስጉ» አለኝ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ቃልኪዳን ደህና ናት። እናቷ ግን ይህን አታውቅም። ፋብሪካው ስልክ አያስገባም፤ ቢያስገባም ቁጥሯን አልያዝኩም፤ በግድግዳ የሚነጋገር ሰው ስልክ ምን ያደርግለታል? ቃልኪዳንም ውሸታችን እንዳይወጣ ፈርታ ስለ እናቷ ትንፍሽ አላለችም። ኦቦ ደበላ ጋ ልደውል ስል ኔትወርክ ጠፋ።

ታክሲው ከአየር ጤና አላልፍም ስላለ በእግሬ ነው የገባሁት። መንገዱ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፤ ሱቆች ሁሉ ተዘግተዋል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ግቢያችን ደረስኩ። ሰው ተሰብስቧል። እትዬ አስቴር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ደጃፉ ላይ፣ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከፋብሪካው በእግሯ መጥታ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ አገኘችው፤ ዘበኛው «አትስጊ፣ ለአጎቷ ተነግሮታል» አላት። በዚህ አገር ወንድም የላት፣ ዘመድ የላት። አንድ የማታውቀው ሰው ልጇን የወሰደባት መሰላት። ከሰዓቱን በሙሉ በየቤቱ እየገባች ስትጠይቅ ውላ ድምፅዋ ተዘግቷል። «አጎት የላትም እኮ! የምን አጎት ነው?» ትላለች። ኦቦ ደበላ ለፖሊስ ሊያመለክቱ ከዘራቸውን አንስተዋል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «አጎቷ እኔ ነኝ።»

ማንም አልገባውም። እሷ ብቻ ቀና ብላ፣ «የት አደረግሃት?» አለችኝ።

እየተንተባተብኩ አስረዳሁ። ደግነቱ ኔትወርኩ ተመልሶ ለመምህሩ ደወልኩ። የሰው ስልክ የምጠግነው እኔ የራሴ ስልክ በስፒከር ካልሆነ አያሰማም ነበር፤ ስለዚህ ግቢው ሁሉ ሰማ። እናትና ልጅ እየተላቀሱ ተነጋገሩ። ቀጥሎ የመምህሩ ድምፅ መጣ። «ይቅርታ እመቤቴ፣ እናቷ ዓረብ አገር ናት ነው የተባልኩት። ልጅቷ እናቴ ናት ትላለች፤ ግን በዛሬው ቀን በስልክ የሰማሁትን ሁሉ አምኜ ልጅ አልሰጥም። ነገ ከአጎቷ ጋር ይምጡ።»

ኦቦ ደበላ «ያ ዋቅ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ አስቴር በሬን አንኳኳች። «ና፣ ልጄን አሰጠኝ» አለች። እንዲህ ነው ያለችው፤ የወለደቻትን ልጅ እኔ እንዳሰጣት። እሷ ከፊት እኔ ከኋላ፣ በድንጋዮቹ መሐል እየተሻገርን ሄድን። መምህሩ በሩን ሲከፍት እሷን አልፎ እኔን ነው ያየኝ፤ የሚያውቀው እኔን ነዋ። እሷ የፋብሪካ መታወቂያዋን በእጇ ይዛ እስኪጠይቃት ትጠብቃለች።

«ምኗም አይደለሁም» አልኩት። «እናቷ እሷ ናት። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

መምህሩ ወደ እሷ ዞሮ ዝቅ ብሎ ይቅርታ ጠየቃት። ቃልኪዳን ከጓዳ ሮጣ ወጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። እትዬ አስቴር ልጇን እንዳቀፈች መምህሩን፣ «ስብሰባው ላይ ለወላጆች ያልከውን ለኔም ንገረኝ» አለችው። እሱም እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ደገመላት። ሒሳቡ ጋ ሲደርስ «ይህን እንኳ ለአጎ…» ብሎ አቋረጠው። እሷ «ሒሳብ? የኔ ልጅ?» ብላ ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ ወረደ። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ ሳትቆጣ፣ «ይቺን እንኳ ምነው ብትነግረኝ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት በተጠራች ቁጥር ሺፍቷን እየቀየረች ራሷ ትሄድ ነበር። ሰላምታዋን አልነፈገችኝም፤ ጎደሬውም አልቀረም። እሱ ነው የባሰብኝ። ጥቂት ወራት ቆይቼ ቡራዩ ቤት አገኘሁ ብዬ ለቀቅኩ። ታሪኩን ለጓደኞቼ እንደ ቀልድ አወራዋለሁ፤ ኮቱን፣ ንግግሩን፣ የኦቦ ቶሎሳን ምርቃት። ይስቃሉ። ሁልጊዜ ስብሰባው ላይ አቆማለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሁሉም ሲወጣ መምህርቷ እኔን አስቀረችኝ። ክፍሉ ውስጥ አማርኛ የማትችል አዲስ ልጅ አለች፤ ልጄ አጠገቧ ተቀምጣ መምህርቷ የምትለውን ሁሉ ቀስ እያለች በኦሮምኛ እንደምትነግራት አጫወተችኝ። ቤት እስክደርስ መታገስ አቃተኝ። እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሜ ለሚስቴ ደወልኩ። «እስቲ አንዴ ድገምልኝ» አለች። ደገምኩላት። ስልኩን ስዘጋ እትዬ አስቴር ትዝ አለችኝ። ለአንድ ሰዓት እንኳ ልይዘው ያልቻልኩትን ይህን የመሰለ ደስታ፣ የሌላ ሰው ደስታ፣ ከግድግዳው ወዲህ አፍኜው ከመስከረም እስከ ኅዳር ተኝቼበታለሁ።