እናቴ በራጅ ፊልም ላይ

ወንድሜ ይሄይስ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ሥራው ቆሻሻ ማጠብ ነው። ሰው የጣለውን የራጅ ፊልም ይለቃቅምና በበረኪና እያሸ ያልታወቀ ሰው የጎድን አጥንት ያጠፋል። ፊልሙ እንደ መስታወት ሲጠራለት ደስታውን አይችለውም። ከዚያ ከፊት በኩል በቀጭን ብዕር ሰው ይስልበታል፤ መስመሩ እንዳይበላሽ ገልብጦ ቀለሙን ከጀርባ ይቀባል። የፎገራን ሜዳ በሣለበት ወረቀት ላይ ያነጥፈውና በስልኩ ፎቶ ያነሣዋል። ቀጥሎ ሌላ ፊልም፣ ያው ሰው፣ እግሩ ብቻ ፈቀቅ ያለ። ፎቶዎቹ በስልኩ ላይ ተከታትለው ሲሮጡ የተሳለው ሰው ይራመዳል። ጎረቤት ሩዙን አርሞ ሲጨርስ፣ የኛ ጀግና እናታችንን ጥቂት እርምጃ አራምዶ ነበር።

አባታችን መሪጌታ ተክለ ማርያም የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። "እስቲ ጉድህን አሳየኝ፤ ካልረባ ላስቲክህን ሁሉ እሳት ነው የምከተው" አሉት። እሳቸው እንዳስተማሩት ደግ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው በጎን ባንድ ዓይን ይሳላል።

ይሄይስ የሣላት እናታችን እማዋይሽ ሩዝ ተሸክማ ወረታ ገበያ ስትሄድ ነው። የሚሄድ ሰው በጎን ካልተሳለ አያምርም፤ እሱ ደግሞ እናቱን ባንድ ዓይን ቢሞት አይስላትም። ስለዚህ እግሯ ወደ ወረታ፣ ፊቷ ወደ እኛ!

ስልኩን ግድግዳ አስደግፎ ሲያሳየን እናቴ ራሷ በሳቅ ፈረሰች።

"አንተ ልጅ፣ አንገቴን ሰበርኸው እኮ!"

አባቴ አልሳቁም። በሥዕሉ ከኋላዋ ጥምጣም ያሰረ ሰው የዝንብ ጭራውን እያወዛወዘ ያለ ሸክም ይከተላል። በጎን የተሳለ፣ ባለ አንድ ዓይን።

"ይህ እኔ ነኝ?"

"ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ አባ።"

አለቀለት ብዬ ደነገጥሁ። አባቴ ግን ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው "ፊቴን ለማዞር ስንት ላስቲክ ይፈጃል?" አሉ።

"ላስቲክስ ሞልቷል። ሲዞሩ አይቼ አላውቅም እንጂ።"

በገበያው ቀን አባቴ ጆንያውን ከእናቴ ጀርባ ተቀብለው ወጡ። ሰፈሩ አፉን ከፍቶ አየ፤ እሳቸውም መታየቱን አልጠሉትም። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ግን ባጃጅ አስቁመው ጆንያውን ጫኑና ላባቸውን ጠረጉ።

ትናንት ይሄይስን "አባን አዞርሃቸው?" አልሁት። አዲሱን ፊልም አሳየኝ። ከአፍንጫቸው ወዲያ የሁለተኛው ዓይን ሽፋሽፍት ብቅ ብሏል።

"የቀረውስ?"

"ገበያ ድረስ ሲያደርሱላት።"