ሳይቀምሱ የተወጉት ቄስ

አዲስ ተመራቂ ነርስ ሲመደብልን የምናደርገውን ልንገራችሁ፤ ምንም አናደርግም። ነጭ ጋውኗን ለብሳ ትመጣለች፣ የመድኃኒት ካርዶቹን እናስታቅፋታለን፣ «በርቺ» ብለን ዞር እንላለን። እኛም ተሰድበን ነው የተማርነው እንላለን፤ ደግሞ እንኮራበታለን። አሁንም ያንገበግበኛል።

ከላሊበላ ሽቅብ፣ ደጋው ላይ ባለችው ትንሽ ሆስፒታላችን፣ አምና በሁዳዴ አንዲት የሙጃ ከተማ ልጅ ተመደበችልን። በሁለተኛ ሳምንቷ የወንዶቹን ክፍል ብቻዋን ያዘች፤ አሥራ አራት አልጋ። ክፍሉን የሰጣት የነርሶች አለቃችን ነው። አለማምጃት የተባልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከተኙት አንዱ የእግራቸው ቁስል አልሽር ያላቸው ሽማግሌ ቄስ ነበሩ፤ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ኢንሱሊን የተወጋ ሰው ካልበላ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ይስታል፣ ሊሞትም ይችላል። ልጅቷ ይኼን ለፈተና ሸምድዳዋለች። ጿሚ ቄስ ፊት መርፌ ይዛ ስትቆም ምን እንደምትል ግን ያስተማራት የለም።

ጠዋት ቀረበቻቸው።

«አባ፣ ቁርስ ቀምሰዋል?»

«ኧረ ልጄ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ! አንቺ የታዘዝሽውን ውጊኝ፣ የቀረውን ለፈጣሪ ተይው።»

ቄስ ፊት ቀና ብላ ሳታይ ያደገች ልጅ ናት። በየትኛው አፏ «ጾምዎን ይግደፉ» ትበላቸው? ካርዱ ጠዋት ይወጉ ይላል። ወጋቻቸው።

ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ አጠገባቸው የተኛው ሰውዬ ጮኸ። ስደርስ ጋቢያቸው በላብ ርሷል፣ ቢጠሯቸው አይሰሙም። ግሉኮሱን በደም ሥራቸው ሰጠኋቸው። ዓይናቸውን ገልጠው «ቅዳሴ ወጣ?» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅሁም። ልጅቷን ኮሪደር ላይ አቆምኳት።

«አፍ የለሽም? ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«መጥቼ ነበር፣ ሲስተር።» እንባዋ ይወርዳል። «ሳልወጋቸው በፊት ነው የመጣሁ። ገና አፌን ሳልከፍት ‹አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ? ዲግሪውን ከገበያ ነው የሸመትሽው?› አሉኝ። አስታማሚዎቹ ሳቁብኝ። ተመለስሁ።»

አላስታወስሁትም። የሚያቃጥለኝም ይኼው ነው፤ ሰው ማዋረዱን ከመልመዴ የተነሳ የዚያኑ ቀን ጠዋት የተናገርሁትን እንኳ ረስቼዋለሁ። እሷን እገላምጣለሁ ብዬ ቄሱን ልገድል ነበር።

ከሰዓት በኋላ አለቃችን ሪፖርት ጻፊ አለኝ። እውነቱን ጻፍሁ፦ ልትጠይቀኝ መጥታ ያባረርኳት እኔ ነኝ፤ ክፍሉንም ብቻዋን መያዝ አልነበረባትም። አነበበውና ፈገግ አለ።

«ተይ እንጂ! አንቺ ስንት ዓመት የሠራሽ ሰው ነሽ። እሷ ጀማሪ ናት፣ ማስጠንቀቂያ ቢደርሳት ምን ይጎድልባታል?»

ወረቀቴን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ተከራከርሁ፣ ጮህሁ፤ ስልኩን አንስቶ ሌላ ሰው ማነጋገር ጀመረ።

በማግሥቱ ማስጠንቀቂያው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ያለበት የእሷ ስም ብቻ ነው። ሦስት ቀን እያየሁት ወጣሁ ገባሁ፤ በአራተኛው ቀን ሰው ሁሉ እያየኝ ገንጥዬ ቀደድሁት። ልጅቷ አሁንም አብራኝ ትሠራለች፤ ሰላምታዋም አይጓደልም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንድም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም።