የቅርቧ ትጠብ

ምክትል ይሉታል። የክለቡ ዘበኛ፣ የሰፈሩ ባለሱቅ፣ ስትናደድበት ደግሞ ሚስቱ፣ ሁሉም ምክትል ነው የሚሉት። በአንድ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ክለብ ምክትል አሰልጣኝ ሆኖ ፀጉሩ ሸበተ። ዋና አሰልጣኞች ሲመጡ ቦርሳቸውን ተቀብሏል፤ ሲባረሩም እስከ በር ሸኝቷል። “ዋና ይሄዳል፣ ምክትል ይቀራል” እያለ ይቀልድ ነበር። በቀልዱ የሚስቅለት አልጠፋም፤ እሱ ራሱ ግን ከልቡ ስቆበት አያውቅም።

የሚኮራበት አንድ ነገር ነበረው፤ መከላከል ማስተማር። “ማግባትንማ ማንም ይማረዋል፤ ኳስና ቅርጫት ካለ ልጅ በራሱ ይደርስበታል” ይላል። “እንዳይገባ ማድረግ ግን የጋራ ሥራ ነው። ጓደኛሽ ስትታለፍ በሩ የተከፈተው በእሷ ቤት ብቻ አይደለም፣ ባንቺም ቤት ነው።”

ችግሩ ጭቅጭቁ ነበር። በልምምድ ላይ ኳስ በገባ ቁጥር “ያንቺ ነበረች!” “የለም፣ ያንቺ ነበረች!” ይባላል። ምክትል ይህን ጭቅጭቅ በአንድ ሕግ ገደለው። የዕለቱ የመጨረሻ ኳስ ስትገባ ከወርዋሪዋ አጠገብ የተገኘችው ተከላካይ፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ ላብ የጠጡትን የልምምድ ሰደርያዎች ወስዳ ታጥባለች። ኳሷ መረቡን ስትነካ ልጆቹ በአንድ አፍ “የቅርቧ ትጠብ!” ብለው ይጮሃሉ። ጨዋታ ነበር። ፍርድ ነው ያለ ሰው አልነበረም።

ከሁሉ አብዝታ ያጠበችው የምክትል የእህት ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ እሱና ሚስቱ አሳደጓት። ባላጋራዋን አንዴ ከያዘች ስለማትላቀቅ ሙጫ ብለው ሰየሟት። ሆኖም ጓደኛዋ ስትታለፍ የራሷን ትታ ትሮጣለች። አንዳንዴ ትደርሳለች፣ አንዳንዴ ጣቷ ኳሱን ለጥቂት ይስታል። ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ ሰደርያ ስታሽ የአጎቷ ሚስት ከበሩ ላይ ሆና፣ “የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች” ትላታለች።

“እትዬ፣ የሰውም ካረረ እኮ ሁላችንም ጦማችንን ነው የምናድረው።”

ዘንድሮ ሙጫ ከታዳጊዎቹ ቡድን ዕድሜዋ አለፈ። ወይ ወደ ዋናው ቡድን ታልፋለች፣ ደመወዝ ይቆረጥላታል፤ ወይ ክለቡን ትለቅቃለች። ከለቀቀች የሚጠብቃት የአጎቷ ሚስት የምትሠራበት ሳሙና ፋብሪካ ነው። በዋናው ቡድን የተገኘው ክፍት ቦታ ደግሞ የአንድ ተከላካይ ብቻ ነው። ምክትል በዕድሜው ለራሱ ወንበር ለምኖ አያውቅም። ይህችን ቦታ ግን ሌት ተቀን ያስባት ነበር።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ክለቡ አንድ ወጣት ቀጥሮ ነበር። ላፕቶፑን ታቅፎ ከዳኞቹ ጠረጴዛ ጫፍ ስለሚቀመጥ ልጆቹ ቁጥሬ አሉት። ትሑት፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ሥራ በጀመረ ሰሞን ወደ ምክትል መጣ።

“ጋሼ፣ ያገባችውን መቁጠርስ ቀላል ነው። የምትከላከለዋን በምን ልለካት? አንድ ኳስ ሲገባብን በማን ስም ልጻፈው?”

ምክትል የተበጠሰ መረብ እየቋጠረ ነበር። ቀና እንኳ አላለም። “በቅርቧ ነዋ! እዚህ ቤት ሕጉ ይኸው ነው።”

“ከወርዋሪዋ አጠገብ ባለችው ማለት ነው?”

“አዎ። አለዚያ ጭቅጭቁ አያልቅም።”

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቁጥሬ አመስግኖ ሄደ፤ ዓመቱን ሙሉም እንደተባለው ጻፈ።

ዓመቱ ሊያልቅ አንድ ጨዋታ ሲቀር ዋና አሰልጣኙ ምክትልን ቢሮው ጠርቶ ላፕቶፑን ወደ እሱ አዞረለት። ተከላካዮቹ በተርታ ተጽፈዋል፤ ሙጫ ከታች ናት፣ ከሁሉ በታች። ምክትል መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ። ቀስ እያለ ገባው። ሌላዋ ያስመለጠቻትን ልትደርስባት የሮጠችበት ኳስ ሁሉ በሙጫ ስም ተጽፏል። ያስመለጠችዋ ግን ከኋላ ቀርታ ስለነበር ከወርዋሪዋ ርቃ ተገኘች፤ ንጹሕ ናት። ሙጫ የተጣበቀችባቸው ልጆች ደግሞ ኳስ ስለማይቀበሉ አይወረውሩም፤ ያልተወረወረ ኳስ የትም አይጻፍም።

“ይሄ ልክ አይደለም” አለ።

ቁጥሬ እዚያው ቆሞ ነበር። “እኔም አንዳንዴ ይሰማኛል፣ ጋሼ። ግን ይስተካከል ካልን፣ ለእያንዳንዱ ኳስ በሩን ማን ከፈተ ብሎ የሚፈርድ ሰው ያስፈልጋል። ጨዋታውን ሁሉ ያየ፣ መከላከል የሚያውቅ።”

“እኔ አለሁ።”

ቁጥሬ አንገቱን ደፋ። “እርስዎማ አጎቷ ነዎት።”

ዋናው ሳቀ። “ቁጥር ዘመድ የለውም፣ ምክትል! ለማንኛውም አንድ ጨዋታ ይቀራል፤ እስቲ እንያት።”

ምክትል ከዚህ ሁሉ ይዞት የወጣው “ቁጥር” የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር።

በጨዋታው ቀን ጠዋት ወደ አዳራሹ አብረው ሄዱ። እሷ የኳሶቹን ከረጢት በትከሻዋ አንግታ ታፏጫለች።

“ዛሬ ከራስሽ ሰው እንዳትለዪ” አላት።

“መቼ ተለይቼ አውቃለሁ? ሙጫ አይደለሁ እንዴ?”

“አልቀለድኩም። ሌላዋ ብትታለፍ አትሂጂ።”

ፉጨቷ ቆመ፤ እሷም ቆመች። “ሲገባ እያየሁ?”

“እያየሽ።”

“አጎቴ፣ አንተ ነህ እኮ ሂጂ ብለህ ያስተማርከኝ።”

“አሁንም እኔው ነኝ የምልሽ። ተይ ብያለሁ፣ ተይ!”

ከረጢቱን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛውራ ቀደመችው።

ጨዋታው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ከሙጫ ጎን የነበረችው ረጅሟ ልጅ ታለፈች። የሙጫ እግር ሄደ፤ ተመለሰ። ወደ ተቀያሪዎች ወንበር ዞራ አየች። ምክትል የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ። ክሩ አልተፈታም ነበር።

ከዚያ በኋላ እግሯም አልሄደ፣ ዓይኗም ወደ እሱ አልዞረ። ኳሱ በአጠገቧ ያልፋል፣ እሷ ከባላጋራዋ ጋር ተጣብቃ ትቆማለች። ረጅሟ ልጅ እያለከለከች “ምነው ድረሽልኝ እንጂ!” ብላ ጮኸችባት። ከተመልካቹ አንዱ “ኧረ ሙጫው ደርቋል!” አለ፤ አዳራሹ ሳቀ። ተሸነፉ፣ ያውም ክፉኛ።

ቁጥሬ ላፕቶፑን ከፍቶ ወደ ምክትል እየሮጠ መጣ። “ጋሼ፣ ዛሬ አንድም አልገባባትም!” አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “የዓመቱን ድምር ግን ብዙም አያነሣውም።”

ዋናው ምክትልን ወደ ኳስ ማስቀመጫው ክፍል ወሰደው። በሩን ዘጋ።

“እውነቱን ልንገርህ? እኔ በቁጥሩ ልፈርድባት አልነበረም። ልጅቱ ለሰው ስትሮጥ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ። ለክለቡ ኮሚቴ ‘ቁጥሩን ተዉት፣ እሷን ስጡኝ’ ልል ነበር። ዛሬ ያየሁት ግን ሌላ ሰው ነው። ጓደኛዋ ስትሰጥም ቆማ ታያለች። በቁጥር የለች፣ በዓይን የለች፤ በምን አፌ ልሟገትላት?”

“እኔ ነኝ ቁሚ ያልኳት።”

ዋናው እጁን በምክትል ትከሻ ላይ አኖረ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ያዘነለት ይመስላል።

“አጎቷ አይደለህ፣ ሌላ ምን ልትል ኖሯል!”

“በእናቷ አፅም! እኔ ነኝ ያልኳት።”

“ገብቶኛል፣ ወንድሜ። እኔም ለልጄ ብሆን እንዲሁ እል ነበር።”

ምክትል በሕይወቱ እንደዚያን ቀን እውነት ተናግሮ አያውቅም፤ እንደዚያን ቀንም ሳይታመን ቀርቶ አያውቅም።

ቤት ሲደርሱ ሚስቱ ነገሩን ሰምታ ራሷን ያዘች። “የቆጡን አወርድ ብለህ የብብቷን አስጣልካት!”

“እትዬ፣ ተዪው” አለች ሙጫ። የመጫወቻ ጫማዋን አውልቃ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ዞር ብላ፣ “ፋብሪካው ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?” ስትል ጠየቀች።

አሁን በሳሙናው ማሸጊያ ክፍል ትሠራለች። ክፍቱን ቦታ ያገኘችው ያቺው ረጅሟ ልጅ ናት። ቁጥሬም ሌላ ብልሃት ስላልተገኘ፣ የገባውን ኳስ ሁሉ ዛሬም በቅርቧ ስም ይጽፋል። ምክትል ግን የልምምዱን ሕግ ሻረ። ልጆቹ ግራ ገባቸው፤ ጭቅጭቁም ተመልሶ መጣ። ሰደርያዎቹን የሚያጥብ ሲጠፋ እሱ በከረጢት አድርጎ ወደ ቤት መውሰድ ጀመረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብሎ ሲያሽ ሙጫ ከፋብሪካ ገባች። የጣቶቿ ጫፍ በሳሙናው ተላልጧል። ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ በሳፋው ወዲያ ማዶ ቁጢጥ ብላ አንዱን ሰደርያ ሳበች።

የእኔ ነው፣ አንቺን አይመለከትሽም፣ እጅሽም ቆስሏል ሊላት ፈለገ። ለዚህ ሁሉ አንዲት “ተይ” ትበቃው ነበር። አፉን ከፈተ፤ ያቺ ቃል አልወጣ አለችው። ሙጫ ሰደርያውን ጨምቃ ሌላ ሳበች።