ኮንትራቱ እንዲታደስ የተሳልኩት ስለት

ዛሬ ምሳ ላይ የእህቴ ልጅ "አክስቴ፣ ኑሮ ሲከፋም የማይቋረጥ የኮንትራት ሥራ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

"አላውቅም" አልኳት። አውቃለሁ እኮ።

በደርግ ጊዜ እዚሁ ጉለሌ በኮንትራት ልብስ እሰፋ ነበር። ጨርቅ ከገበያ ጠፍቶ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ የእኔ የስፌት መኪና አልቆመም። የምሰፋው የወታደር ልብስ ነበራ!

ኮንትራቱ ሊያልቅ ሲል ጨነቀኝ። እንጦጦ ወጥቼ "እመቤቴ፣ ኮንትራቱ ይታደስልኝና ጃንጥላ አስገባለሁ" ብዬ ተሳልኩ።

ታደሰ። እንዲያውም ትእዛዙ በዛ። (ለምን እንደበዛ መጠየቅ የእኔ ሥራ አልነበረም፤ የእኔ ሥራ ኮሌታ ነበር።)

ጃንጥላዬን ይዤ ዳገቱን ስወጣ ጎረቤቴን እትዬ አስካለን ቤተክርስቲያኑ ደጅ ተደፍተው አገኘኋቸው። ልጃቸው ግርማ በዚያው ሰሞን ለውትድርና ተወስዶባቸው ነበር።

ጃንጥላውን አይተው "ምን ሰጠችሽ ልጄ?" አሉኝ።

"ሥራ" አልኳቸው።

"ተመስገን! እኔም ጦርነቱ ይቁምልኝ ብዬ ተስያለሁ። ያንቺን የሰማች የኔንም ትሰማለች" ብለው ጃንጥላውን ሳሙት።

የእኔ ከሰመረ የእሳቸው እንደማይሰምር ያን ጊዜ ገባኝ። ግን ጃንጥላዬን አስገባሁ።

ግርማ አልተመለሰም። ኮንትራቱ ግን እንደገና ታደሰ።

እናንተስ፣ ስለታችሁ ሰምሮ አንገታችሁን የደፋችሁበት ቀን አለ? ካለ እባካችሁ እዚህ ጻፉልኝ፤ ዛሬ ብቻዬን መሆን ከብዶኛል።