ሳይነገር የከረመ መርዶ

እናቴ ልብስ የምትሰፋባት ሱቅ አየር ጤና ላይ፣ ከታክሲ ተራው ፊት ለፊት ነበረች። ሱቅ ማለት እንኳን ማሞካሸት ነው። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቀርባት የቆርቆሮ ክፍል ናት። እኔና ወንድሜ ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ የምንሄደው ወደ ቤት ሳይሆን ወደዚያች ክፍል ነው። የቤት ሥራችንን የምንሠራው ቁርጥራጭ ጨርቅ በሞላው ማዳበሪያ ላይ ተቀምጠን ነው። ከፊት የታክሲ ረዳቶች ይጮኻሉ፣ ከኋላ ጋራዡ ውስጥ ላሜራ ይቀጠቀጣል፣ መሀል ላይ የእናቴ የስፌት መኪና ይንጣጣል። እስከ ዛሬ ጸጥ ያለ ቤት ውስጥ ማንበብ አይሆንልኝም።

ሰው ስለ ልጅነት ሰፈሩ ሲያወራ ማር ይቀባዋል። እኔ አልቀባም። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያወልቅ ነበር። ከሱቆቹ ጀርባ ያለው ቦይ ሽታ ምሳ አያስበላም። ሌባውም ሰካራሙም የሚያድረው እኛ በረንዳ ላይ ነው። ግን አንድ ነገር እውነት ነው፤ በዚያ ረድፍ ውስጥ ማንም ብቻውን አላለቀሰም። በቀኛችን ባኞና ባልዲ የምትሸጥ ሴትዮ ነበረች፣ ጴንጤ ናት፣ ዕቃ ስትደረድር መዝሙር ታንጎራጉራለች። በግራችን ሰዓት የሚጠግኑ ሽማግሌ ነበሩ፣ የእድራችን ዳኛም እሳቸው ናቸው። አባታችን ሲሞት እኔ ሰባት፣ ወንድሜ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመታችን ነበር። ያንን ዓመት ያሳለፍነው ከእነዚህ ሁለት ሰዎች እጅ እየበላን ነው።

እናቴ በመስከረም ዩኒፎርም ትሰፋለች። ቀሪውን ዓመት በአብዛኛው ጥቁር ነው የምትሰፋው። ሰው ሲሞት ሽማግሌው መጥተው ጆሮዋ ላይ ያንሾካሹካሉ፣ እሷም የያዘችውን ሥራ አስቀምጣ ጥቁሩን ጨርቅ ታወርዳለች። ልኬት አትወስድም። "ሐዘንተኛን ዙሪ፣ እጅሽን አንሺ አይባልም" ትላለች። በዓይኗ አይታ ትቆርጣለች፣ ልኩም ስቶ አያውቅም። ብዙ ጊዜ ልብሱ የሚሰፋው ባለቤቷ ገና ሳትሰማ ነው። መርዶ ወግ አለውና። በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ይገባሉ፣ ጎረቤት ደጅ ላይ ይቆማል፣ የምትወድቀውን የሚይዝ ክንድ አስቀድሞ ይዘጋጃል። ከነጋ በኋላ ለቅሶው ውስጥ ልብሱ ይመጣል።

አንድ ቀን የማልረሳውን ነገር አየሁ። አንዲት ጎረቤታችን ቀሚሷን ልታሳጥር መጥታ፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ጥቁር ጨርቅ ዳሰስ አደረገችና "ይሄ ደግሞ ለማን ነው?" አለች። ለራሷ ነበር። እናቷ ገጠር ሞተዋል፣ መርዶዋ ለማግስቱ ማለዳ ተቀጥሯል። እናቴ መርፌዋን ሳታቆም "ለሩቅ ሰው ነው" አለቻት። ሴትዮዋ እየሳቀች ሄደች። ወንድሜ "ውሸታም" ብሎ ሊቀልድባት ሲሞክር በማስመሪያው ክንዱን መታችው። "ሰው አቅፎ ሳይዝሽ እንዲህ ያለ ነገር ከምትሰሚ፣ ሌላ አንድ ቀን ስቀሽ ብትውዪ ይሻላል" አለችኝ፣ እሱን መታ ለእኔ ስታስረዳ።

ወንድሜ አድጎ ሥራ ያጣ ሰው ሆነ። በአየር ጤና በጆተኒ የሚያሸንፈው አልነበረም፣ ግን ጆተኒ እንጀራ አይሆንም። ደቡብ አፍሪካ የሄዱ የሰፈር ልጆች ፎቶ ሲልኩለት እንቅልፍ አጣ። እናቴ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ በመጨረሻ ዝም አለችው። በሞያሌ በኩል ወጣ። ሁለቴ ደወለ። ሁለተኛው ስልኩ ላይ "ከአሁን በኋላ ኔትወርክ የለም፣ አታስቡ" አለ።

ከጥምቀት በኋላ በማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። አብሮት የሄደ ልጅ ነው። ወንድሜ ጫካ ውስጥ ትኩሳት ይዞት፣ በአራተኛው ቀን ሞቷል። እዚያው ቀብረውታል። የትኛው አገር እንደሆነ እንኳ ልጁ እርግጠኛ አልነበረም።

እናቴ ያን ሰሞን ልቧን ታማ ከሆስፒታል ከወጣች ሳምንቷ ነው። ሐኪሙ "ድንጋጤ እንዳይነካት" ብሎ አስጠንቅቆኛል። ወደ ሰዓት ሠሪው ሽማግሌ ሄድኩ። ከዓይናቸው ላይ ማጉያዋን አወለቁ፣ እጃቸው ግን ከያዙት ሰዓት አልተላቀቀም።

"ማን ማን ሰምቷል?" አሉኝ።

"እኔ ብቻ፣ አባባ።"

"ትንሽ ትጠንክር። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።"

ሆድ ሊፈጀው አልቻለም፣ በሳምንት ውስጥ ረድፉ ሁሉ ሰማ። ግን አንድም ሰው አላመለጠውም። የታክሲ ተራ አስከባሪዎቹ ሳይቀሩ እናቴ ስታልፍ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ባኞ ሻጯ እናቴ ፊት መዝሙሯን ተወች። እናቴ "ይቺ ሴትዮ ምን ነካት፣ ከጌታዋ ተጣላች እንዴ?" ብላ ስትስቅ እኔ ማዳበሪያው ላይ ተቀምጬ አብሬያት ሳቅሁ።

ከዚያ ፋሲካ ደረሰ። ሽማግሌው "ለዓውደ ዓመት አናስለቅሳት" አሉ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ ረድፉ ይነሳል የሚል ወረቀት መጣ። "በአንድ ሰሞን ሁለት መርዶ አይሆንም" አሉ። እውነቱን ልናገር፤ ባራዘሙት ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ሽማግሌው ያመነቱ መስለው በታዩኝ ቀን እኔው ራሴ "ገና አልጠነከረችም" አልኳቸው። ጠንክራ ነበር። ያልጠነከርኩት እኔ ነኝ።

እናቴ መጠየቅ ስታበዛ ሽማግሌው "መንገድ ላይ ታስሯል አሉ፣ ይፈቱታል" አሏት። ለማረጋጋት ነው። እሷ ግን ይህን ይዛ ሥራ ጀመረች። "አገሩ ብርድ ነው?" አለችኝ። "ነው መሰለኝ" አልኩ። ወፍራም ሰማያዊ ጨርቅ ገዝታ ጃኬት ቆረጠችለት። ስትቆርጥ የጨርቁን ጫፍ ወጥሬ የያዝኩላት እኔ ነኝ። በዚያው ሳምንት መርካቶ ሄጄ ጥቁር ጨርቅ ገዛሁ፣ ለሁለታችን የሚበቃ፣ አልጋ ሥር ሻንጣ ውስጥ ደበቅሁት። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ልብስ ተጀምሮ ነበር።

ሰኔ ላይ ረድፉ በግማሽ ቀን ፈረሰ። ባኞ ሻጯ ቀደም ብላ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ወደ እህቷ ሄዳለች። ሽማግሌው ልጃቸው ጋ ገቡ፣ ወዲያው ታመሙ፣ ስልካቸውም መነሳት አቆመ። እኛ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራየን። የእድሩ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የማን ግቢ እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ሽማግሌው ተሽሏቸው ቀን ይቆርጣሉ ብዬ እጠብቃለሁ። እሳቸው፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ "ልጅቷ ሰው ሰብስባ ነግራታለች" ብለው ተኝተዋል። የተበተነው ሁሉ ሌላው ነግሯታል ብሎ አርፏል። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ደግሞ ከፊታችን ያለው በር ሲከፈት አይቼ አላውቅም፤ ማንን ደጅ ላይ ላቁም?

መስከረም ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ እናቴ ለጃኬቱ ዚፕ እንግዛ አለች። ቢጫ አበባ ያለው ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አሳምራ አስራ ነበር። አየር ጤና ወርደን ዚፑን ገዛንና ለመመለስ የታክሲ ሰልፍ ያዝን። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት እጇን ስታወናጭፍ አየሁ። ባኞ ሻጯ ናት። ልከለክላት አስቤ አንድ እርምጃ ተራመድኩ፣ ግን መኪናዎቹን አልፋ ደርሳ ነበር። የእናቴ አንገት ላይ ተጠምጥማ ማልቀስ ጀመረች።

"እህቴ፣ ይቅር በይኝ! ሲያረዱሽ አጠገብሽ መሆን ነበረብኝ። ሳልደርስልሽ ቀረሁ። ጌታ ያጽናሽ!"

እናቴ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። "አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ እህት። ማን ሞተብሽ?"

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ራሷን አነሳች። መጀመሪያ ቢጫውን ቀሚስ አየች። ቀጥላ እኔን አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። እናቴ የሴትዮዋን ዓይን ተከትላ ወደ እኔ ዞረች። ሕይወቷን ሙሉ ሰው ሳይሰማ ለሰው ጥቁር የቆረጠች ሴት ናት፣ የሚያስረዳት አላስፈለጋትም።

"ልጄ ነው?" አለች።



እዚያ አላለቀሰችም። ከሰልፉ ወጥታ መንገዱን ተሻግራ ሄደች፣ ተከተልናት። ሱቃችን የነበረበት ቦታ አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ነው፣ ሣር ተተክሎበታል፣ አዲስ መብራት ቆሞበታል። ቦታውን እኔ አልለየሁትም። እሷ ግን ከጋራዡ አጥር በእርምጃ ለክታ፣ ልክ የስፌት መኪናዋ የነበረበት ላይ ስትደርስ ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሻሿን ፈታች። ከዚያ የረድፉን ሰዎች አንድ በአንድ በስማቸው ትጠራ ጀመር። ሰዓት ሠሪውን፣ ጫማ ሰፊውን፣ ሻይ ሻጯን፣ የሞቱትን ጭምር። "ኑ! ልጄ ሞቷል፣ ኑ!" ትላለች፣ ደረቷን እየመታች። የታክሲው ሰልፍ ዞሮ አያት፣ ከዚያ ታክሲ መጣና ሰልፉ ተንቀሳቀሰ።

አንድ ወጣት ጥበቃ መጣ። "እማማ፣ እዚህ መቀመጥ አይቻልም፣ ይነሱ" አለ፣ በትሕትና ነው።

"ልጇ ሞቶባት ነው" አለችው ባኞ ሻጯ።

"ነፍስ ይማር። መቼ?"

"ስምንት ወሩ ነው።"

ልጁ እናቴን አየ፣ እኛን አየ፣ ግራ ገባው። ምን ብሎ ያጽናና? ትንሽ ቆሞ ፊቱን አዞረልን። ብዙ ያደረገልን ሰው በዚያ ቀን እሱ ነበር።

ማታ ቤት ገብተን እናቴ ጠየቀችኝ። ድምፅዋ ከመጮህ ብዛት ተዘግቶ ነበር።

"መቼ ሰማሽ?"

"ከጥምቀት በኋላ።"

"ለፋሲካ ዶሮውን ስበላ ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"ጃኬቱን ስቆርጥ ጨርቁን ይዘሽልኝ ነበር።"

"አዎ።"

ለልቧ ፈርቼ ነው አልኳት። ሽማግሌው ናቸው፣ ፋሲካው ነው፣ ፈረሳው ነው አልኳት። እሷ ራሷ ለዚያች ሴት "ለሩቅ ሰው ነው" ማለቷንም አስታወስኳት፣ አፌ አያርፍም። "ለአንድ አዳር ነበር" አለችኝ።

ከመተኛቴ በፊት ሻንጣውን አውጥቼ ጥቁሩን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጎህ ሲቀድ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ዚፕ ያልገባለት ጃኬት አልጋዋ ላይ እጅጌው ተዘርግቶ ተጋድሟል፣ በሬሳ ፋንታ። እናቴ የራሷን ቀሚስ ጨርሳ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች ነበር። ጠረጴዛው ላይ የእኔ ድርሻ ጨርቅ እንዳለ ተቀምጧል።

ሄጄ ፊት ለፊቷ ቆምኩ። በልጅነቴ ሰምተው የሚመጡ ሐዘንተኞች ይቆሙ እንደነበረው፣ እጄን አጣምሬ፣ በዓይኗ እንድትለካኝ ጠበቅሁ። ቀና ብላ አየችኝ፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ የቀረውን ጨርቅ አራት ቦታ አጣጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"ለእኔስ?" አልኳት።

"አንቺ ስምንት ወር ብቻሽን አዝነሻል" አለችኝ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። "አንቺ ጨርሰሻል።"

መኪናዋን ከድና፣ ማንም የማይመጣበትን በር ልትከፍት ተነሳች።