ቁልፌን ያቃተው ቁልፍ

የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ቁልፌ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የምታስታውሰው ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም የምትጠራው ስትቆጣ ነው። ስለዚህ ትክክለኛ ስሙ ሲጠራ የሰማ ጎረቤት «ዛሬ ቁልፌ ምን አጠፋ?» ብሎ ይስቃል።

ሙያው ቁልፍ ሠሪነት ነው። ከሁለት መጋዘኖች መሐል የተሸጎጠች፣ ስፋቷ ከአንድ በር የማይበልጥ ሱቅ አለችው። ውስጧ የቁልፍ መቅረጫ ማሽን፣ በሽቦ የተንጠለጠሉ ያልተቀረጹ ቁልፎች፣ ባለቤት ያጡ ጓጉንቸሮችና አንድ ወንበር አሉ። እዚያች ወንበር ላይ ፀጉሩ ሸበተ፣ ወገቡ ጎበጠ፤ ጠባዩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ጠባዩ ምን መሰላችሁ? ባለቤቱ በሩ ላይ ካልቆመ አይከፍትም። ዶፍ ይውረድ፣ ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት ይረር፣ «ባለቤቱ ይምጣ» ካለ አለ ነው! አዲስ ቁልፍ ከገጠመም አንዲት ሳያስቀር ለባለቤቱ ያስረክባል። «የሰው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ካደረ ያሳክከኛል» ይላል። ደግሞም ሰብሮ አያውቅም። «መስበርማ መዶሻ ያለው ሁሉ ይሰብራል፤ ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ተፈጠርኩ?» ብሎ ይኮራል።

በዚህ ሁሉ ዘመን ከደንበኛ ያስቀረው ነገር ቢኖር ከቁልፉ ቀለበት ላይ የተንጠለጠለች አንዲት የተጣመመች የፀጉር ማስያዣ ናት። ገና ጎረምሳ ሳለ አንዲት ጸሐፊ ቢሮዋ ተቆልፎባት አስጠራችው። የመሣሪያ ቦርሳውን ረስቶ መጥቶ አፈረ። ልጅቱም ከፀጉሯ ማስያዣ ነቅላ ሰጠችውና በዚያችው ከፈተላት። «እውነት ንገረኝ፣ ሌባ ነህ አይደል?» አለችው። ደንግጦ ማስያዣዋን ይዞ ሄደ። ሊመልስ ቢመጣም ወሬው ጣፈጠውና ሳይመልስ ሄደ፤ ደግሞ መጣ፣ ደግሞ አልመለሰም፣ በመጨረሻ አገባት። እኔን ከጠየቃችሁ፣ ያን ቀን የተሠራው ሌብነት ይኸው ብቻ ነው።

አንዲት ልጅ አለቻቸው። ትምህርቷ የኮምፒውተር ደህንነት ነው፤ ሰው በገዛ ፈቃዱ ቤቱን አስፈትሾ ቀዳዳውን እንዲደፍን የሚያደርግ ሙያ። ተመርቃ ሥራ አጥታ ስትንከራተት ቆየች። አንድ ጊዜ ልትጠይቃቸው መጥታ፣ መስታወቱ የሸረሪት ድር የመሰለ አሮጌ ስልኳን ከመሳቢያ አወጣች። ውስጡን ጠርጋ አጸዳችና የደህንነት ፈታሾች በትልልቅ ኮምፒውተር የሚሠሩበትን ካሊ የሚባል ሲስተም ጫነችበት። በቀጭን ሽቦ ትንሽ አንቴና ሰካችለት፣ አሮጌ ኪቦርድ አገናኘችለትና ለአባቷ ሰጠችው።

«አባዬ፣ ይሄ ያንተው ሙያ ነው። ስልክ ከዋይፋዩ ጋር ሲገናኝ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ይሄ ያንን ሰላምታ ይቀዳና ልክ እንዳንተ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይሞክርበታል። ግን የራስህን ቤት ብቻ ነው የምትፈትሸው፣ ወይም ባለቤቱ ቆሞ ፈትሽልኝ ሲልህ።»

«እሰይ! ይቺስ የኔ ልጅ ናት!» አለ ቁልፌ።

ከዚያ ወዲያማ ምን ይነገራል! ከሱቅ እንደገባ፣ የቁልፍ ጥርስ የሚያይበትን ማጉያ ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ኮምፒውተሩ በሙሉ የታጨቀባትን መዳፍ የማታክል ስክሪን ላይ ይደፋል። ጉንዳን የሚያካክሉትን ፊደሎች እያየ ብቻውን ይስቃል። «ካሊ ዛሬ ተነሳችልኝ፣ ካሊ ዛሬ አኮረፈች» ይላል። ሚስቱ ሰምታ ሰምታ አንድ ቀን ወገቧን ይዛ መጣች። «ለመሆኑ ይቺ ካሊ የምትላት ማን ናት?»

የቤታቸውን ዋይፋይ ሲፈትሽ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ተከፈተለት። ፓስወርዱ የሚስቱ ስልክ ቁጥር ነበር። «አንተ! እስከ ዛሬ በር ከፍተን ነው የተኛነው?» አለች እሷ ደረቷን ይዛ። ቁልፌ ይህን ሰምቶ ዝም ሊል ነው? የሚስቱን ስልክ ተቀበለ፣ ዓይኑን ጨፈነና ጣቱ እንደመራው ፊደልና ቁጥር ቀላቅሎ ለዋይፋዩ አዲስ ረጅም ፓስወርድ ደበደበ። ስልኳ ፓስወርዱን ያዘላት። እሱ ዞሮም አላየው። «እንኪ፣ የቤቱ እመቤት አንቺ ነሽ፤ እኔ ቅጂ አላስቀርም» ብሎ አስረከባት። ቀጥሎ አዲሱን ሰላምታ በአሮጌው ስልክ ቀድቶ ሞከረው። ያ ስልክ ቀኑን ሙሉ ታግሎ ታግሎ አልቻለም። ቁልፌ በደስታ አንገቱ ረዘመ፤ ቁልፍ ሊያስቀርጽ የመጣውን ሁሉ አስቁሞ ይህንኑ ያወራ ጀመር።

ታዲያ ልጅቱ ደወለች። አንድ መሥሪያ ቤት ለሥራ ሊጠይቃት ነው፣ በቪዲዮ። የኪራይ ቤቷ ኢንተርኔት ደስ ሲለው ይመጣል፣ ሲከፋው ይሄዳል። «ከእናንተ ቤት ባደርገውስ?» አለች። «ይሄ ይጠየቃል እንዴ!» አላት አባቷ። ስንት ቦታ አመልክታ መልስ እንኳ የነፈጓት ልጅ ናት፤ ዕድሏ ይቺ ብቻ እንደሆነች ሦስቱም ያውቃሉ።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት እናት ልብስ ስታጥብ ስልኳ ከጡቷ ሥር ሾልኮ ገንዳው ውስጥ ዱብ አለ። ብታወጣው፣ ብታራግፈው፣ ወይ ፍንክች! ስልኩ ሲሞት ፓስወርዱም አብሮት ሞተ። ቤታቸው ደግሞ ከአንድ ፎቅ ሥር ነው፤ የሞባይል ኔትወርክ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ይጠፋል።

«ጉዴ ፈላ! የልጄን እንጀራ ውኃ ውስጥ ከተትኩት!» እያለች እናት እጇን አማታች።

ቁልፌ አልተቆጣትም። ቁልፍ የጠፋበትን ሰው አይቆጣም፤ የተዘጋው በር ይበቃዋል ባይ ነው። አሮጌውን ስልክ አምጥቶ ማጉያውን ሰካና በተቀዳው ሰላምታ ላይ የቁልፍ ዓይነት ያስሞክረው ጀመር። ስልኩ እንደ ካውያ ጋለ። እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀመጠው። ከሱ የሚወርደው ላብ ግን ከጨርቁ የባሰ ነበር።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እንዲህ ነው» አለች ሚስቱ፣ እንባዋን እየጠረገች።

ልጅቱ ስትደርስ በዚህ ሁኔታ አገኘቻቸው። ጉዳዩን ሰማች፣ የስልኩን ስክሪን አየች፣ ራሷም የቻለችውን ሞከረች፣ ከዚያ እየሳቀች አባቷን ትከሻውን ያዘችው። «አባዬ፣ ይሄን በዕድሜያችን አይከፍተውም። በጣም ጥሩ አድርገህ ነው የቆለፍከው።»

ቁልፌ በአንድ ፊት ደስ አለው፣ በአንድ ፊት ሊያለቅስ ደረሰ።

«ከዋይፋዩ ሣጥን ኋላ ቀዳዳ አለች» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ። «በቀጭን ነገር ተጭኖ ከቆየ የተቀየረውን ሁሉ ያጠፋና ሥሩ ላይ ወደተጻፈው የፋብሪካ ፓስወርድ ይመልሰዋል።»

«አውቃለሁ።» አንገቱን ደፋ። «እሱ ግን መክፈት አይደለም። መስበር ነው።»

ልጅቱ አልተከራከረችውም። «እሺ፣ ግድ የለም፣ ደጅ ወጥቼ በስልኬ እሞክራለሁ» ብላ ቦርሳዋን አነሳች። ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ነጭ ሸሚዟን ተኩሳ ለብሳለች፤ ደጁ አቧራ ነው፣ የመኪናው ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። ቁልፌ ብድግ አለ።

«ባለቤት ይቁም!» አለ ጮክ ብሎ።

ሚስቱ እጇ አረፋ እንደያዘ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ልስበረው?»

«ስበረው እንጂ፣ አንተ ሰውዬ! ምን ትጠይቀኛለህ!»

የቁልፍ ቀለበቱን ከኪሱ አወጣ፣ ያቺን የተጣመመች ማስያዣ ለየና ቀዳዳዋ ውስጥ አስገብቶ ተጫነ። የዋይፋዩ መብራቶች ድርግም አሉ። ከዚያ መብራቶቹ አንድ በአንድ ተመልሰው በሩ።

«እንዴት ያለህ ሌባ ነህ!» አለች ሚስቱ ማስያዣዋን አይታ። «ይህችን እስከ ዛሬ ይዘሃታል?»

ልጅቱ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ግድግዳው ስስ ነው፤ ባልና ሚስት ወጥ ቤት ቁጭ ብለው ጆሯቸውን አቆሙ። አንዲት ሴት ስትጠይቅ፣ ልጃቸው ስትመልስ፣ ብዙው ነገር አልገባቸውም። በመጨረሻ ግን ሴትዮዋ «ሞክረሽ ያቃተሽ ነገር አለ?» አለች።

«አለ። ዛሬ ነው ያቃተኝ። የቤታችን ዋይፋይ።»

«ማን ነው የቆለፈው?»

«አባቴ። ቁልፍ ሠሪ ነው። በር ከመክፈቱ በፊት ባለቤቱን የሚያስቆም ሰው ነው። ይሄን ሙያ ትምህርት ቤት የጀመርኩት ይመስልዎት ይሆናል፤ እኔ ግን የጀመርኩት እሱ ሱቅ ውስጥ ነው።»

ቁልፌ ገና ያልበረደውን አሮጌ ስልክ በሁለት እጁ ጨብጦ አቀረቀረ።

«ታለቅሳለህ እንዴ?» አለች ሚስቱ በሹክሹክታ።

«ሽንኩርቱ ነው።»

«የቱ ሽንኩርት? ዛሬ ማን ከተፈ?» አለችና የራሷን ዓይን በቀሚሷ ጠረገች።

ልጅቱ ሥራውን አገኘች። ለዚያች ዕለት የተኮሰችውን ሸሚዝ ለብሳ ሥራ ከጀመረች በኋላ ቁልፌ ዋይፋዩን እንደገና ሊቆልፍ ተነሳ። የሚስቱን አዲስ ስልክ ተቀብሎ ዓይኑን ሊጨፍን ሲል «ግለጥ! ዓይንህን ግለጥ!» ብላ ጮኸችበት። ዓይኑን ገልጦ ጻፈ። እንደ ልማዱ «እንኪ፣ ባለቤቷ» ብሎ ሲያስረክባት እሷ አልተቀበለችውም።

«መጀመሪያ ያንተ ስልክ ላይ አስገባው።»

«እኔ ቅጂ አላስቀርም።»

«የሰው ቤት ከሆነ አታስቅር። ይሄስ የማን ቤት ነው? አንተ ሞኝ፣ ስንት ዘመን የሰው በር ላይ ባለቤት ስታስቆም ኖረህ፣ እዚህ ቤት ባለቤቱ አንተ መሆንህን ረሳኸው?»

ቁልፌ ስልኩን አውጥቶ ፓስወርዱን ጻፈና ኪሱ ከተተው። አደረ፣ ዋለ፤ አላሳከከውም።